የተጻፈባቸውም ያነባሉ

ጤና ይስጥልኝ፣ እኅቶቼና ወንድሞቼ። በዚህ ዝናብ ከቤታችሁ ወጥታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ከአንድ ሥዕል ልጀምር። ፈረንሳዊው ዣን ሊዮን ዤሮም እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ መጨረሻ ገደማ የሣለው ነው። አንድ ልጅ ራቁቱን፣ ጀርባውን ሰጥቶን ቆሟል። ትልቅ እባብ ተጠምጥሞበታል። አጠገቡ አንድ ሽማግሌ ዋሽንት ይነፋል። ጦር መሣሪያ የያዙ ሰዎች ግድግዳ ተደግፈው፣ መሬት ላይ ተቀምጠው ያያሉ። ከኋላቸው ያለው ሰማያዊ ሴራሚክ አበባው አንድ በአንድ ይቆጠራል። ልክ ፎቶ ይመስላል። እኔን የሚያሳስበኝም ይሄው ነው። ሴራሚኩ ኢስታንቡል ካለው የሱልጣኖቹ ቤተ መንግሥት የተቀዳ ነው። ሌላው ከየአገሩ ተለቃቅሞ ፓሪስ ላይ የተገጣጠመ ነው። ያየው ሰው ግን "ምሥራቅ ማለት እንዲህ ነው" ብሎ ቤቱ ይገባል።

ኢየሩሳሌም የተወለደው ፍልስጤማዊ ምሁር ኤድዋርድ ሰይድ እ.ኤ.አ. በ1978 "ኦሪየንታሊዝም" የተባለ መጽሐፉን ሲያሳትም ይህ ሥዕል ሽፋኑ ላይ ወጣ። የምዕራብ ምሁራንም እንደ ሠዓሊው ናቸው አለ። ብዙ አገር፣ ብዙ ሕዝብ ሰፍተው አንድ "ምሥራቅ" አደረጉት። ያም እውቀት ለገዢዎች ጠቀመ። ቋንቋውን ተምረው፣ ብራና ሲያገላብጡ ዕድሜያቸውን የጨረሱትን ሊቃውንት አብሮ ወቀሰ ብለው የተቹት አሉ። እውነት አላቸው። "ስለ ማን፣ ማን ይናገራል?" የሚለው ጥያቄው ግን እኔን እስካሁን አልለቀቀኝም።

ናፖሊዮን እ.ኤ.አ. በ1798 ግብፅን ሲወርር ከወታደሩ ጋር ከ150 በላይ ምሁራንና ባለሙያዎች ይዞ ሄደ። ስለ ግብፅ ያጠኑትን በኋላ ከ20 በላይ በሆኑ ግዙፍ ጥራዞች አሳተሙት። ያኔ ካይሮ ውስጥ አብዱረህማን አል ጀበርቲ የሚባል ሼኽ ነበር፤ ታሪክ ጸሐፊ። ናፖሊዮን ለሕዝቡ በአረብኛ ያሳተመው አዋጅ እጁ ገባ። ፈረንሳዮችም ሙስሊሞች ናቸው ይላል አዋጁ። ጀበርቲ ቁጭ ብሎ ቃል በቃል አረመው! እዚህ ሰዋስው ተሳስቷል፣ እዚያ አገባቡ ተበላሽቷል፣ ይሄ ደግሞ ውሸት ነው እያለ። ይህን ሳስብ ልቤ ይሞላል። የሚጠናው ሰውዬ አጥኚዎቹን ያጠና ነበር። ደግሞ ንዴት አላሳወረውም። ቤተ መጻሕፍታቸውን ሄዶ አየ፤ ለንባብ ያላቸውን ፍቅር አድንቆ ጻፈ።

ወደ ቤታችን ስመጣ ደግሞ በእኛ አፍ "አረብ አገር" የሚባል አንድ አገር አለ። ልጅቷ አረብ አገር ሄደች ይባላል፤ በቃ። ቤይሩት ይሁን ጅዳ፣ ዱባይ ይሁን ኩዌት፣ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

አንዲት የማውቃት እኅት ካይሮ ሠርታ ወደ ኩዌት ተሻገረች። ካይሮ ላይ "ኤሽ" ማለት ዳቦ ነው። ኩዌት በገባች ማግስት ማዳሟ "ኤሽ ሥሪ" ስትላት ዱቄት አቦካች። ምሳ ሰዓት ላይ ማዳሟ ድስቱን ከፍታ ሩዝ ፈለገች። ኩዌት ውስጥ ኤሽ ሩዝ ነው።

እኛ ስለ አረቦች ስንከራከር እሷ ለዓመታት ቡና እያፈላች ታዳምጠን ነበር። ዛሬ እዚሁ አዳራሽ ውስጥ አለች። እንድትናገር ለምኛት እሺ ብላኛለች። ማይኩን እሰጣታለሁ።