የወደብ ጥልቀት በማን ገንዘብ ይመለሳል? ከሃሪኬን ሳንዲ በኋላ የሆነው

(በምስል፦ የኒው ዮርክና ኒው ጀርሲ ወደብ ካርታ። ከአትላንቲክ ወደ ኒውአርክ የሚገባው የመርከብ መስመር በሰማያዊ ይሰመራል።)

ሃሪኬን ሳንዲ የተባለው ከባድ ማዕበል የኒው ጀርሲን ጠረፍ የመታው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 29 ቀን 2012 ምሽት ነው። በማንሃተን ደቡባዊ ጫፍ፣ ባተሪ በተባለው ስፍራ የቆመው መለኪያ በዚያ ሌሊት ከ4 ሜትር በላይ የውኃ ከፍታ መዘገበ። አስቀድሞ ተዘግቶ የነበረው ወደብ ከሳምንት ገደማ በኋላ የጭነት መርከቦችን እንደገና መቀበል ጀመረ። ኮንግረስ ለጥገና ያጸደቀው ገንዘብ ሕግ ሆኖ የተፈረመው ግን ጃንዋሪ 29 ቀን 2013፣ ልክ በሦስተኛው ወር ነው። ወደቡ ገንዘቡን ሳይጠብቅ ከተከፈተ፣ ገንዘቡ ለምን አስፈለገ?

መልሱ ያለው ከውኃው በታች ነው። ማዕበል የባሕር ዳርቻውን አሸዋ ጠርጎ ሲወስድ፣ አሸዋው ተመልሶ የሚያርፈው ብዙውን ጊዜ ሰው ቆፍሮ ባጠለቀው የመርከብ ቦይ ውስጥ ነው፤ ቦዩ ከአካባቢው የባሕር ወለል ዝቅ ያለ ስለሆነ ደለል ወደ እርሱ ያዘነብላል። ወደ ኒውአርክ የሚገቡት ትላልቅ የኮንቴይነር መርከቦች የሚሄዱባቸው ዋና ዋና ቦዮች በዚያ ዘመን ወደ 50 ጫማ፣ ማለትም ወደ 15 ሜትር ገደማ፣ ሲጠለቁ ነበር። ከዚህ ጥልቀት ጥቂት እንኳ ሲጎድል ወደቡ አይዘጋም። መርከቡ ግን ጭነት ቀንሶ ይገባል ወይም የባሕሩን ሙላት ጠብቆ ይገባል። ጉዳቱን ከየብስ ሆኖ የሚያይ ሰው የለም፤ ወጪውን ግን ዕቃ አስመጪው ይከፍላል።

(በምስል፦ በሶናር፣ ማለትም በድምፅ ሞገድ፣ የተነሳ ምስል። በባሕሩ ወለል ላይ የወደቀ ነገር ጥላ ይታያል።)

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሥራው በሦስት የፌደራል መሥሪያ ቤቶች ተከፋፍሎ ነበር። ወደቡን የመዝጋትና የመክፈት ሥልጣን የባሕር ጠረፍ ጥበቃው ነው። ብሔራዊ የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር ቶማስ ጀፈርሰን የተባለችውን የቅየሳ መርከብ ልኮ የቦዮቹን ወለል በሶናር አስፈተሸ፤ ከማዕበሉ ጋር ወደ ውኃው የገባ ኮንቴይነር ወይም የተገነጠለ የመርከብ ማቆሚያ ምሰሶ በነዳጅ ጫኝ መርከብ መንገድ ላይ ቢተኛ ምን ሊከተል እንደሚችል ግልጽ ነው። የጦር ሠራዊቱ የምሕንድስና ኮር ደግሞ መረብና ክሬን ያላቸውን ድሪፍትማስተርንና ሄይዋርድን የመሳሰሉ ፍርስራሽ ሰብሳቢ መርከቦቹን አሰማራ። ቅድሚያ የተሰጠው ለነዳጅ መርከቦች ነበር፤ ኒው ጀርሲ ከኖቬምበር 3 ጀምሮ በ12 አውራጃዎች ቤንዚን በመኪና ታርጋ ቁጥር፣ በጎዶሎና በሙሉ ቀን፣ እስከ ማደል ደርሳ ነበርና።

ይህ ሁሉ ሲሠራ ኮንግረስ ገና ሰባራ ሳንቲም አልመደበም። ሥራው የተሠራው በመደበኛው በጀት፣ ፌማ ተብሎ የሚታወቀው የአደጋ ጊዜ መሥሪያ ቤት በሰጠው ገንዘብና ሕጉ በአደጋ ጊዜ ከሌላ ሥራ እንዲዛወር በፈቀደው ገንዘብ ነው። ዓመታዊው የደለል ጠረጋ የሚሸፈነው በተለመደው ጊዜ ከወደብ ጥገና ግብር ነው፤ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ከዋጋው 0.125 በመቶ ይከፍላል፣ ይኸውም 100,000 ዶላር በሚያወጣ ዕቃ ላይ 125 ዶላር ነው። እንዲህ ያለው ግብር ዓመት እስከ ዓመት ለሚጠራቀም ደለል የታሰበ እንጂ በአንድ ሌሊት ለሚወርድ አደጋ የታሰበ አይደለም። ከሌላ ሥራ የተወሰደው ገንዘብም መመለስ አለበት፤ ካልተመለሰ ማዕበሉ ያልደረሰበት የሌላ ግዛት ወደብ የሳንዲን ዕዳ ይከፍላል።

(በምስል፦ የካፒቶል ሕንፃ፤ ቀኖቹ በቅደም ተከተል ይታያሉ።)

የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት የጥገናውን ገንዘብ የሚመድበውን የሕግ ረቂቅ ዲሴምበር 28 አሳለፈ፤ የተወካዮች ምክር ቤት ግን ድምፅ ሳይሰጥበት የሥራ ዘመኑ አለቀ። የኒው ጀርሲው ገዥ ክሪስ ክሪስቲ በራሳቸው ፓርቲ መሪዎች ላይ በአደባባይ ተቆጡ። በአዲሱ ኮንግረስ ነገሩ እንደገና ሲጀመር፣ አንዳንድ ተወካዮች ይህን ያህል ወጪ ከሌላ በጀት ተቀንሶ ይሸፈን ብለው ተከራከሩ፤ ሐሳባቸው አላለፈም። ተወካዮቹ ጃንዋሪ 15 በ241 ለ180፣ የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ጃንዋሪ 28 በ62 ለ36 አጸደቁት፤ በማግሥቱ ፕሬዚዳንት ኦባማ ፈረሙ። ከ50 ቢሊዮን ዶላር በላይ ከሆነው ገንዘብ ለምሕንድስና ኮሩ የደረሰው 5.35 ቢሊዮን ገደማ ነው። ከዚህም ትልቁ ድርሻ፣ ወደ 3.46 ቢሊዮን የሚጠጋው፣ ለግንባታ ሲሆን፣ ቦዮችን ለመጥረግና በኮሩ ሥር ያሉ የተጎዱ ሥራዎችን ለመጠገን የተመደበው 821 ሚሊዮን ዶላር ነው። በዜና የሚጠራው ትልቁ ቁጥር ቢሆንም፣ የወደብን ጉዳይ ለመረዳት የሚጠቅመው ይህ ትንሹ ይመስለኛል።

ገንዘቡ ከተገኘ በኋላም ሥራው ወዲያው አይጀመርም። ቦዩ እንደገና ይቀየሳል፣ ጨረታ ይወጣል፣ ደለሉ የት እንደሚደፋ ይወሰናል፤ ንጹሕ አሸዋ ከሆነ ወደ ተበላው የባሕር ዳርቻ ይመለሳል፣ የተበከለ ከሆነ ለብቻው ይወገዳል። ዓሦች እንቁላል በሚጥሉባቸው ወራት ቁፋሮ የሚገደብባቸው ቦታዎች አሉ። ከ1906 ጀምሮ የጸና ሕግ ደግሞ በአሜሪካ ውኃ ላይ ደለል የሚጠርጉት በአሜሪካ የተሠሩ መርከቦች ብቻ እንዲሆኑ ያዛል። መርከቦቹ ጥቂት ስለሆኑ፣ ብዙ ወደቦች በአንድ ጊዜ ሲጎዱ ተራ መጠበቅ ግድ ነው።

(በምስል፦ የፌደራሉን ቦይ ከተርሚናሉ የሚለይ ቀይ መስመር።)

ከሁሉ ይልቅ የሚያምታታው የኃላፊነቱ ድንበር ነው። የፌደራሉ ቦይ የኮሩ ነው፤ መርከቡ የሚታሰርበት መድረክ፣ ክሬኑና መጋዘኑ ግን የወደብ ባለሥልጣኑ ወይም የተርሚናሉ ኩባንያ ንብረት ነው። በፖርት ኒውአርክ የባሕር ውኃ ገብቶባቸው የተበላሹት ከ300 በላይ የፊስከር መኪኖች የመድን ጉዳይ ነበሩ። የሕዝብ ንብረት የሆነው ክፍል ከፌማ ድጋፍ ያገኛል፤ የፌደራሉ ድርሻ በተለመደው 75 በመቶ ሲሆን ለሳንዲ ወደ 90 በመቶ ከፍ ተደርጓል።

ኒው ጀርሲ ውስጥ ደግሞ ዓሣ አጥማጆችና የመዝናኛ ጀልባዎች የሚጠቀሙባቸው፣ የፌደራሉ መንግሥት የማይጠርጋቸው ከ200 የማያንሱ ትናንሽ ቦዮች በግዛቱ ሥር ይገኛሉ። ለእነዚህ ከፌማ ገንዘብ ለማግኘት ደለሉ በማዕበሉ የመጣ እንጂ ለዓመታት የተጠራቀመ አለመሆኑን በማስረጃ ማሳየት ያስፈልጋል። ዋናው ማስረጃ ከአደጋው በፊት የተሠራ የጥልቀት ቅየሳ ነው፤ ቦዩን አዘውትሮ ያላስለካ አካል ጉዳቱ እውነተኛ ቢሆን እንኳ ማስረዳት ይቸግረዋል፤ ወጪውም በራሱ ላይ ይቀራል።