ለእርሷ ብቻ የቀረበው ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። ዛሬ የምናገረው ትምባሆ በመውለድ አቅም ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት ነው፤ የምነሳውም እዚሁ ደብረ ብርሃን ካለው ከራሴ ቤት ነው።

ከተጋባን አምስተኛ ዓመታችንን ይዘናል። በእነዚህ ዓመታት ልጅ ያለመውለዳችን ነገር በተነሳ ቁጥር ጥያቄው የሚቀርበው ለባለቤቴ ብቻ ነበር። እናቴ ከመንዝ ስትመጣ፣ ከክፋት ሳይሆን ከፍቅር፣ «ልጄ፣ እስቲ ጠበሉን ሞክሪው» ትላታለች፤ ጎረቤትም የሚያውቀውን ሥርና ቅጠል ይነግራታል። እርሷም ጠበሉን ተጠመቀች፣ ሱባኤ ገባች፣ የማህፀን ምርመራም ሁለት ጊዜ አደረገች። በዚያ ሁሉ ጊዜ እኔ በቀን እስከ 15 ሲጋራ እያጨስሁ ከጎኗ ተቀምጬ ነበር፤ «አንተስ?» ያለኝ ሰው አልነበረም፣ እኔም ራሴን አልጠየቅሁም። ዛሬ ከሁሉ አብልጦ የሚቆጨኝ ይህ ነው።

ባለፈው ታኅሣሥ አንዲት ሐኪም የባለቤቴን ውጤቶች አገላብጠው ካዩ በኋላ ወደ እኔ ዞረው «እርስዎ ያጨሳሉ?» አሉኝ። የዘር ፈሳሽ ምርመራ እንዳደርግ አዘዙ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ የታችኛው መነጻጸሪያ በአንድ ሚሊ ሊትር 16 ሚሊዮን የዘር ህዋስ ሲሆን፣ የእኔ 9 ሚሊዮን ሆኖ ተገኘ፤ ከእነዚያም ብዙዎቹ በደንብ አይንቀሳቀሱም ነበር። ሐኪሟ መንስኤው ሲጋራው ብቻ ነው አላሉም፤ ሌላም ምክንያት ሊኖር እንደሚችል፣ ነገር ግን በእጃችን ያለውና ዛሬውኑ ልናስወግደው የምንችለው ሲጋራው እንደሆነ በትዕግሥት አስረዱኝ።

ከእርሳቸው የተረዳሁትን ልንገራችሁ። በጢሱ ውስጥ ካድሚየምና እርሳስን የመሳሰሉ መርዛማ ብረቶች አሉ፤ እነዚህና ሌሎቹ ኬሚካሎች ከሳንባ ወደ ደም፣ ከደም ወደ ዘር ፍሬ ደርሰው የህዋሱን ቁጥር፣ ቅርጽና እንቅስቃሴ ይጎዳሉ፤ በውስጡ የተሸከመውን ዘረ መልም ይሰባብራሉ። እንዲህ የተጎዳ ህዋስ እንቁላል ቢያገኝ እንኳ ጽንሱ ሳይጸና ሊጨናገፍ ይችላል። ሲጋራ የደም ሥሮችን ስለሚያጠብም ለስንፈተ ወሲብ ያጋልጣል፤ ይህን ወንዶች እርስ በርሳችን እንኳ አናወራውም።

በሴት በኩል ያለው ጉዳት ደግሞ ሊመለስ የማይችልም አለበት። ሴት ልጅ የምትወለደው ዕድሜ ልኳን የሚኖሯትን እንቁላሎች ይዛ ነው፤ ማጨስ ይህን ስንቅ ስለሚያመናምን የምታጨስ ሴት ከማታጨሰው ከ1 እስከ 4 ዓመት ቀድማ ልታርጥ ትችላለች። ከማህፀን ውጭ እርግዝና፣ የእንግዴ ልጅ ያለጊዜው መላቀቅና ክብደቱ ያነሰ ልጅ መውለድም በሚያጨሱት ላይ ይበዛሉ። ባለቤቴ አንድም ቀን አጭሳ አታውቅም፤ ነገር ግን የሌላ ሰው ጢስ መተንፈስም ማርገዝን ሊያዘገይ ይችላል፤ በዚህ ብርድ ደግሞ መስኮት ዘግቼ የማጨሰው እኔ ነበርሁ።

«ብርዱን ይሰብርልኛል» እል ነበር፤ ብዙዎቻችንም እንዲሁ እንላለን። እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው፤ ኒኮቲን የደም ሥርን ስለሚያጠብ እጅና እግርን ይበልጥ ያቀዘቅዛል። ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው ከተማችን አየሩ ከቆላው ይልቅ ስስ ነው፤ በጢሱ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ በደም ላይ የኦክስጅንን ቦታ ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ጉልበት ይይዛል። ነፍሰ ጡር ባለችበት ቤት የሚጎድለው ኦክስጅን የጽንሱ ድርሻ ነው።

ከጣርማ በር ቁልቁል ሲወረድ፣ በሸዋ ሮቢት ዙሪያ ትምባሆ ለዓመታት ሲለማ ስለኖረ ብዙዎቻችን ቅጠሉን የምናውቀው እንደ ማንኛውም ሰብል ነው። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መሸጥን ይከለክላል፤ በፓኮው ላይም ሰፊ የማስጠንቀቂያ ሥዕል እንዲኖር ያዛል፤ ይሁን እንጂ እንደ እኔ ከሱቅ በነጠላ እየገዛ የሚያጨስ ሰው ያንን ፓኮ በእጁ አይዝም።

ከጥምቀት ማግስት ጀምሮ አላጨስሁም። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት እንቅልፍ የነሱኝ ነበሩ፤ በተለይ ከቡና በኋላ ያለው ሰዓት ከበደኝ። የጸናሁት ሐኪሟ አንድ የዘር ህዋስ ተሠርቶ እስኪበስል 74 ቀን ገደማ እንደሚወስድ፣ ስለዚህም ከሦስት ወር በኋላ የሚመረመረው ትምባሆ ባልነካው ጊዜ የተሠራ እንደሚሆን ስለ ነገሩኝ ነው። ልጅ እንደሚወለድ ግን ማንም ቃል አልገባልኝም።

ለእናቴ ደውዬ «እማዬ፣ ችግሩ በእኔ በኩል ነው የተገኘው» አልኋት። ረጅም ጊዜ ዝም ካለች በኋላ «እርሷን ስጠኝ» አለች፤ ስልኩን ለባለቤቴ ሰጥቼ ወጣሁ። የተባባሉትን አልጠየቅሁም። ሁለተኛው ምርመራ የተቀጠረው ለሚያዝያ አጋማሽ ነው፤ ሁለታችንም አብረን እንሄዳለን።