አልጋው ተገኘ፤ ነርሷስ ከየት መጣች?

[ምስል፦ ፕላስቲካቸው ገና ያልተነሣ አልጋዎች በረድፍ]

ወረርሽኝ ሲመጣ ቀድሞ የሚነገረን የአልጋ ቁጥር ነው። ይሄን ያህል መቶ አልጋ ተዘጋጀ ይባላል። ሪባን ይቆረጣል፣ ካሜራ ይበዛል። አልጋ መኖሩ ጥሩ ነው፤ ግን አልጋ ብቻውን ማንንም አክሞ አያውቅም።

ዛሬ የምናወራው ከሆስፒታሉ ግቢ ውጭ ስላሉ ሰዎች ነው። ስለ አካባቢ ምክር ቤት አባላት፣ ስለ ጤና ኮሚቴዎች፣ ስለ ሆስፒታል ቦርዶች። ሐኪም ያልሆነ ሰው በወረርሽኝ መሃል የመንግሥት ሆስፒታልን እንዴት ይቆጣጠራል? ምን ብሎ ይጠይቃል? የእኔ ምክር አንድ ነው፦ ነርሷን ተከተሏት። ከየትኛው ክፍል መጣች? የለቀቀችው ክፍል ምን ሆነ? መቼስ ትመለሳለች?

[በስክሪኑ ላይ፦ 168 ÷ 40]

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። ጽኑ ሕሙማን ክፍል የገባ ሰው ቀንም ሌሊትም አጠገቡ ባለሙያ ይፈልጋል። ለአንድ በሽተኛ አንድ ነርስ ትመደብ እንበል። ሳምንት 168 ሰዓት ነው። አንዲት ነርስ በሳምንት 40 ሰዓት ብትሠራ፣ ያቺን አንድ አልጋ ለመሸፈን ከ4 በላይ ነርሶች ያስፈልጋሉ። የዓመት ፈቃድ አለ፣ ሕመም አለ፣ ሥልጠና አለ። እነሱ ሲጨመሩ 5ን ያልፋል። ስለዚህ 10 አልጋ ጨመርን ሲባል፣ ከ50 በላይ ነርስ ከየት ተገኘ ብሎ መጠየቅ ነው።

ይሄ ደግሞ በደህናው ጊዜ ነው። በወረርሽኝ ሠራተኛው ራሱ ይታመማል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከጥር 2020 እስከ ግንቦት 2021 ባለው ጊዜ ብቻ ከ80,000 እስከ 180,000 የጤና ባለሙያዎች በኮቪድ ሳይሞቱ እንዳልቀሩ ገምቷል። ታሞ ቤት የዋለው፣ ለብቻው ተገልሎ የቆየው፣ በድካም ሥራውን ጥሎ የሄደው እዚህ ውስጥ የለም።

[ምስል፦ ሰፊ የኤግዚቢሽን አዳራሽ ወደ ሆስፒታል ሲለወጥ]

ለንደንን እንይ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2020 ኤክሴል የተባለው የኤግዚቢሽን ማዕከል በጥድፊያ ሆስፒታል ሆነ። ናይቲንጌል ተባለ። እስከ 4,000 አልጋ ሊይዝ ታቅዶ ነበር። በመጀመሪያው ማዕበል የታከሙበት ግን 54 ሰዎች ናቸው። በከፊል ምክንያቱ ደግ ነው፤ ነባሮቹ ሆስፒታሎች የራሳቸውን ክፍሎች አስፍተው ብዙውን ሰው ተቀበሉ። ሌላው ችግር ግን ባለሙያው ነበር። የጽኑ ሕሙማን ነርስ በሳምንት አትሠለጥንም። ለአዳራሹ ነርስ ስትወስድ የምትወስደው እነዚያው ከተጨናነቁት ሆስፒታሎች ነው።

ሰው ሲያጥር የሚደረገው ሌላው ነገር ለአንዲት ነርስ የሚደርሰውን የበሽተኛ ቁጥር መለጠጥ ነው። በእንግሊዝ የጽኑ ሕሙማን ክፍል የተለመደው አንድ ለአንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 መመሪያው ላላ። አንዲት የሠለጠነች ነርስ፣ በሌሎች ሠራተኞች እየታገዘች፣ እስከ 6 በሽተኛ እንድትይዝ ተፈቀደ። ካሊፎርኒያ ደግሞ በሕግ የተጻፈ ገደብ አላት፤ በጽኑ ሕሙማን ክፍል ለአንድ ነርስ ከ2 በሽተኛ በላይ አይሰጣትም። እሷም እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2020 ሆስፒታሎች በጊዜያዊ ፈቃድ 3 እንዲሰጡ ፈቀደች። በዚህ ላይ አልፈርድም። ሌላ ምርጫ ሳይኖር ሲቀር ይሄ ይደረጋል። ግን ማን ፈቀደ፣ እስከ መቼ፣ በየትኛው ሌሊት ስንት ለስንት ሆነ የሚለው ተጽፎ መቀመጥ አለበት። ካልተጻፈ ልዩ የነበረው ነገር ቀስ ብሎ ደንብ ይሆናል።

[ምስል፦ በሩ ላይ "ለጊዜው አገልግሎት አንሰጥም" የሚል ወረቀት የተለጠፈበት ክፍል]

አሁን ነርሷን ወደኋላ እንከተላት። ከቀዶ ሕክምና ክፍል ከመጣች፣ ቀጠሮ የተሰረዘባቸው ሰዎች አሉ። ከማዋለጃ ከሆነ፣ ራቅ ወዳለ ቦታ የተላኩ እናቶች አሉ። በእንግሊዝ ወረፋ የተያዘለት የታቀደ ሕክምና ከወረርሽኙ በፊት ከ4 ሚሊዮን በላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 ከ7 ሚሊዮን አለፈ። የሚጠብቁት ሰዎች በዕለታዊው የኮቪድ ሪፖርት ላይ አይታዩም። ወረፋ ላይ ስለሆኑ ድምፅ የላቸውም። የአካባቢ ተመራጭ ዋና ሥራ እዚህ ጋ ይመስለኛል።

በእንግሊዝ ሕጉ ራሱ ይህን ያውቃል። የሆስፒታል አገልግሎት ላይ ትልቅ ለውጥ ሲደረግ የአካባቢውን ምክር ቤት ማማከር ግዴታ ነው። ምክር ቤቱ የጤና ኃላፊዎችን ጠርቶ የማነጋገር፣ መረጃ የመጠየቅ ሥልጣን አለው። አንድ ቀዳዳ ግን አለ፦ ለበሽተኛ ወይም ለሠራተኛ ደኅንነት ሲባል በአስቸኳይ የሚወሰን ከሆነ ምክክሩ ይቀራል። ቀዳዳው ተገቢ ነው። ቤት እየተቃጠለ ስብሰባ አይጠራም። ጣጣው ኋላ ነው። "ለጊዜው" ተብሎ የተዘጋ ክፍል፣ እሳቱ ከጠፋ በኋላም ተዘግቶ ሊቀር ይችላል።

ስብሰባዎቹ ራሳቸውም ተቋርጠው ነበር። በእንግሊዝ ምክር ቤቶች በኢንተርኔት እንዲሰበሰቡ የተፈቀደላቸው እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2020 ሲሆን፣ ፈቃዱ በግንቦት 2021 አበቃ። ከቤት ሆኖ መከታተል ሥራ ለበዛበት ሰው ምን ያህል እንደሚመች ካየን በኋላ መቅረቱ፣ በእኔ እይታ፣ ብክነት ነው።

"ሰው እየሞተ ሪፖርት ጻፉ ትሉናላችሁ?" የሚል ዳይሬክተር ይኖራል። እውነት አለው። ስለዚህ አዲስ ሪፖርት አትጠይቁት። ያለውን ወረቀት ጠይቁት። የፈረቃ ዝርዝር በየክፍሉ አለ። የሰው ኃይላችን ተሟልቷል ቢላችሁ፣ በደመወዝ መዝገብ ላይ ያለውን እየቆጠረ ይሆናል። እናንተ የምትፈልጉት ባለፈው እሑድ ሌሊት ማን እንደገባ ነው። ሌሊቱን የመረጥኩት በምክንያት ነው፤ ጎብኚም አለቃም የሌለበት ሰዓት ነው።

[ምስል፦ በሠራተኞች ማረፊያ ክፍል የተቀመጡ ሁለት ነርሶች]

ዳይሬክተሩን ብቻ መስማትም አይበቃም። ከኮቪድ በፊት፣ እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2009፣ በእንግሊዝ ስታፎርድ ሆስፒታል በሽተኞች ክፉኛ ተጎሳቁለው ነበር። ወጪ ለመቀነስ ሠራተኛ ተቀንሶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የሕዝብ ምርመራ ሪፖርት የአካባቢውን ምክር ቤቶች የቁጥጥር ኮሚቴዎችም ነቅፏል፤ የአደጋ ምልክቶቹን አላስተዋሉም ብሏል። ኮሚቴ ነበር፣ ስብሰባም ነበር። ስለዚህ ኮሚቴው ከነርሶችና ከጽዳት ሠራተኞች ጋር አለቃ በሌለበት ይነጋገር። የተናገረው ሰው እንዳይቀጣም ዋስትና ይስጥ።

እናንተስ ነዋሪዎቹ? የመጨረሻውን ስብሰባ ቃለ ጉባኤ አግኙ። "ለጊዜው" የሚለውን ቃል ፈልጉ። አጠገቡ ክፍሉ የሚከፈትበት ቀን ከሌለ፣ ወይም ነርሷ ወደ ክፍሏ የምትመለስበት ቀን ካልተጻፈ፣ በሚቀጥለው ስብሰባ እጃችሁን አውጥታችሁ እሱን ጠይቁ።