ኩረጃን በረቂቁ ላይ መያዝ

[ስክሪን፦ በእርሳስ የተሰመረበት አንድ ገጽ]

የአሳይመንቱ ርዕስ የሀዋሳ ሐይቅ ብክለት ነው። ተማሪው ሁለት አንቀጽ እየተንገዳገደም ቢሆን በራሱ እንግሊዝኛ ጽፏል። ሦስተኛው ላይ ግን ቋንቋው ድንገት ይቃናል። «የጥቁር ውሃ ወንዝ ወደ ሐይቁ ይገባል፤ ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም» የሚል ሐሳብ በከባድ ቃላት ሰፍሯል። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ ዓረፍተ ነገሩ ግን የሱ አይደለም፣ ምንጭም አልጠቀሰም።

እዚህ ላይ «ኮፒ ነው!» ብሎ በቀይ መጻፍ ያምራል። ተዉት። እንዲህ የተባለ ተማሪ ቃላቱን ይለዋውጥና የዓረፍተ ነገሩን አጥንት እንዳለ ይመልሰዋል። ያም መገልበጥ ነው፤ ለመያዝ ደግሞ ይብሳል። ይልቅ ኅዳጉ ላይ ጠይቁት፦ «ይህን ከየት አገኘኸው? መውጫ ከሌለው ከከተማው በጎርፍ የሚገባው ቆሻሻ ምን ይሆናል? ምንጩን ዝጋና በሁለት መስመር ንገረኝ።»

[ስክሪን፦ የጊዜ ሰሌዳ]

ማስረከቢያው ሦስት ሳምንት ሲቀረው አንድ ገጽ ረቂቅ ተቀበሉ፤ የተጠቀመባቸው ምንጮች ገጽ ኮፒ ይያያዝ። በሳምንቱ መልሱለት። ከ20 ነጥብ ውስጥ 5ቱን ለረቂቁ ስጡ፤ ነጥብ የሌለው ረቂቅ እንደማይመጣ መምህር ሁሉ ያውቀዋል።

ክፍሉ 60 ተማሪ ካለው፣ ለአንዱ 5 ደቂቃ ቢሰጥ 5 ሰዓት ይፈጃል። ስለዚህ አንድ አንቀጽ መርጣችሁ ሁለት አስተያየት ብቻ ጻፉ። ሰዋስው አታርሙ፤ ያረማችሁትን እንዳለ ይገለብጠዋል፣ በገዛ እጃችሁ ኮፒ አስተማራችሁት ማለት ነው።

ሁለተኛው ረቂቅ ከመጀመሪያው ጋር ይቅረብ፣ ከሥሩም «ምን ቀየርኩ? ለምን?» የሚል ሦስት መስመር ይኑረው። በፍላሽ ተገዝቶ የመጣ አሳይመንት እዚህ ጋ ይጣበቃል፤ የመጀመሪያ ረቂቅ ከየት ያመጣል?

ተርኒቲን (ጽሑፍን ከሌሎች ጽሑፎች ጋር የሚያመሳክር ሶፍትዌር) አለ ብላችሁ አትዘናጉ። ፐርሰንቱ መመሳሰልን እንጂ ስርቆትን አይለካም። በአግባቡ የተጠቀሰ ጥቅስና የማጣቀሻ ዝርዝር ካልተቀነሱ ቁጥሩን ያንሩታል፤ ከሌላ ቋንቋ ተተርጉሞ የገባው ደግሞ ሊያመልጠው ይችላል። 8 በመቶ ያሳየው ወረቀት 30 ካሳየው የባሰ ሊሆን ይችላል።

[ስክሪን፦ ሁለተኛው ረቂቅ]

ተማሪው ተመልሷል፦ «ውሃው ይተናል፣ ቆሻሻው ይቀራል።» በእንግሊዝኛው ግሱ ተሳስቷል፤ ዓረፍተ ነገሩ ግን የሱ ነው። ቀጣዩ አስተያየት፦ «ሁሉም ይተናል? ወደ ከርሰ ምድር የሚሰርግስ የለም? ምንጭ ፈልግ፣ ገጹንም ጻፍ።»