ቅዳሜ ማታ፣ 650 ኤኤም

እንዴት ሰነበታችሁ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ድምፄ ትንሽ ሻክሯል፣ ይቅርታ፤ ትናንት እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ስነዳ ነው ያመሸሁት።

እንደምታውቁት የምኖረው አሜሪካ፣ ናሽቪል ከተማ ነው፣ የምሠራውም ታክሲ። እዚህ ከተማ ቅዳሜ ማታ ታክሲ መሥራት ማለት ባርኔጣ ያደረጉ ሽማግሌዎችን ከነባለቤቶቻቸው ወደ ግራንድ ኦል ኦፕሪ፣ በሬዲዮ ወደሚተላለፈው የካንትሪ ሙዚቃ ትርኢት፣ ማመላለስ ማለት ነው። መጀመሪያ ላይ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ የካንትሪ ዘፈን ሁሉ አንድ ዓይነት ነበር የሚመስለኝ። በኋላ ሬዲዮኑን ኦፕሪን በሚያስተላልፈው ጣቢያ፣ 650 ኤኤም ላይ መተው ለመድኩ። ኤኤም መቼም ታውቁታላችሁ፤ ድልድይ ሥር ስትገቡ ይንሿሿል። መንሿሿቱ የአባቴን ሬዲዮ ያስታውሰኛል፤ ለዚያ ብዬ ነው መሰለኝ የተውኩት።

ፕሮግራሙ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 28 ቀን 1925 አንድ የ77 ዓመት ሽማግሌ ቫዮሊን ይዘው ማይክ ፊት ሲቀመጡ ተጀመረ። አጎት ጂሚ ቶምፕሰን ይባላሉ። አስተዋዋቂው ጆርጅ ሄይ ራሱን «ኮስታራው ሽማግሌ ዳኛ» እያለ ይጠራ ነበር፤ ዕድሜው 30! ጣቢያው፣ ደብሊው ኤስ ኤም፣ ያኔ የኢንሹራንስ ኩባንያ ንብረት ነበር። ፊደሎቹም «ዊ ሺልድ ሚሊየንስ»፣ ማለትም «ሚሊዮኖችን እንጋርዳለን» ከሚለው የኩባንያው የእንግሊዝኛ መፈክር የተወሰዱ ናቸው። አዎ፣ ያ ሁሉ ቫዮሊንና ባንጆ ኢንሹራንስ ለመሸጥ ነበር።

ስሙን ያገኘው ግን ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፣ እኔን የያዘኝም ይሄ ነው። ከእነሱ ተራ በፊት የክላሲክ ሙዚቃ ፕሮግራም ይተላለፍ ነበር። በ1927 ዲሴምበር አንድ ምሽት የዚያ ፕሮግራም መሪ፣ በክላሲክ ሙዚቃ የገሃዱን ዓለም ድምፅ መኮረጅ ቦታ የለውም ይልና የባቡር ድምፅ የሚያስመስል ሥራ ያሰማል። ሄይ ተረኛ ሲሆን፣ እኛ ዘንድ ገሃዱ ዓለም ብቻ ነው ያለው አለና ሃርሞኒካ ተጫዋቹን ዲፎርድ ቤይሊን አስገባ። ዲፎርድ በሃርሞኒካ የፓን አሜሪካንን ባቡር ነፋው፤ ጎማው ሐዲዱን ሲመታ፣ ፊሽካው ከሩቅ ሲመጣ፣ ሁሉንም በአንድ አፍ። ሲጨርስ ሄይ፣ እስካሁን ግራንድ ኦፔራ ስትሰሙ ቆያችሁ፣ ከአሁን በኋላ ግን ግራንድ ኦል ኦፕሪን ነው የምታዳምጡት አለ። «ኦፕሪ» ያው «ኦፔራ» ነው፣ በገጠሬ አፍ። ስሙ በዚያው ጸና።

ዲፎርድ ጥቁር ነው። የባሪያ የልጅ ልጅ፤ በልጅነቱ ፖሊዮ ይዞት ቁመቱ አጭር የቀረ። ሬዲዮ ላይ መልክ አይታይም፣ አድማጩ የሚሰማው ባቡሩን ነው። ለኮንሰርት ወደ ሌላ ከተማ ሲሄዱ ግን ሆቴል አያስገቡትም፤ አንዳንዴ አብረውት ያሉት ነጭ ሙዚቀኞች «አሽከሬ ነው» ብለው ነበር የሚያስገቡት። እንግዲህ አስቡት፣ የፕሮግራሙ ስም የወጣው ከእሱ ትንፋሽ ላይ ነው።

በ1941 አሰናበቱት። በዚያ ዓመት የሬዲዮ ጣቢያዎችና የዘፈን መብት ባለቤቶች በክፍያ ተጣልተው ስለነበር የድሮ ዘፈኖቹ በአየር ላይ ተከልክለዋል። ሄይ ግን ሰውየው አዲስ ነገር መማር አልፈለገም፣ ሰነፍ ነው ብሎ ጻፈ። 15 ዓመት ገደማ አብሮት ለሠራ ሰው! እና ዲፎርድ ምን ሆነ? ሊስትሮ። እዚሁ ናሽቪል ሱቁን ከፍቶ ጫማ ሲጠርግ ኖረ። «ሊስትሮ» ስል እኛ አገር የሚመጣባችሁን አውቃለሁ፤ ሳጥን የተሸከመ ልጅ ነው። ይሄ ግን ትልቅ ሰው ነው፣ ድምፁን አገሩ ሁሉ የሚያውቀው።

ኦፕሪ በ1943 ራይመን አዳራሽ ገባ። የድሮ የጸሎት ቤት ነው፤ በበጋ ሕዝቡ በእንጨት አግዳሚ ላይ ተደርድሮ ይጋገር ነበር አሉ። በማርች 1974 ወደ አዲሱ ሕንፃ ሲዛወሩ ከመድረኩ ላይ አንድ ክብ ጣውላ ቆርጠው ይዘው ሄዱ፤ ዛሬም ዘፋኙ የሚቆመው እሱ ላይ ነው። የ2010 ጎርፍ ዋጠው፣ አድርቀው መለሱት። ተሳፋሪዎቼ አስጎብኚ ወስዷቸው ጣውላው ላይ የተነሱትን ፎቶ ከኋላ ወንበር ስልካቸውን ዘርግተው ያሳዩኛል።

እኔም ስነዳ አሰላሁ። ዲፎርድ ሲባረር ኦፕሪ ራይመን አልገባም ነበር። ሆኖም በ1974፣ አዳራሹ ሊለቀቅ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ ለድሮ ተጫዋቾች ምሽት ጠሩትና መጣ፤ ሃርሞኒካውን ይዞ። ስለዚህ ያን መድረክ ረግጦታል።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ፎቶ ሲያሳዩኝ ይሄንን እነግራቸዋለሁ ብያለሁ። እንግሊዝኛዬ ከቻለ።