ሸራው ላይ የሚቋጠረው ውሃ

ጤና ይስጥልኝ አድማጮች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ ካራቫን፣ ማለትም በመኪና ስለሚጎተተው ተንቀሳቃሽ ቤት፣ ሸራ ነው፤ ከካራቫኑ ጎን ተወጥሮ ጥላም በረንዳም ስለሚሆነው። ብዙ ሰው ሸራው ሲያፈስ ወይም ሲቀደድ ጨርቁን ይወቅሳል። እኔ ግን ጨርቁ ጥፋተኛ ሆኖ የሚገኘው ከስንት አንዴ ነው ባይ ነኝ። ነገሩ የሚበላሸው ገና ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ፣ ሸራው በሚተከልበት ሰዓት ነው።

እስኪ በትንሽ ሒሳብ እንጀምር። 1 ሚሊሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ 1 ሊትር ውሃ ይሆናል፤ 1 ሊትር ውሃ ደግሞ 1 ኪሎ ነው። ሸራችሁ ርዝመቱ 4 ሜትር፣ ወደ ፊት የሚወጣው 2 ሜትር ተኩል ከሆነ ስፋቱ 10 ካሬ ነው። 10 ሚሊሜትር ዝናብ ሲጥል 100 ሊትር ያርፍበታል፣ 100 ኪሎ ማለት ነው። ውሃው እየተንሸራተተ ከወረደ ሸራው ምንም አይሰማውም። ከተቋጠረ ግን አንድ ሙሉ ሰው ከራሳችሁ በላይ ተኝቷል በሉት።

አቋጣጠሩን ደግሞ ቀረብ ብላችሁ እዩት። በሁለት የጣሪያ ዘንጎች መካከል፣ ወደ ፊተኛው ጠርዝ ጠጋ ብላ፣ ትንሽ የረገበች ቦታ አለች። ሸራው ደረቅ ሳለ ዓይን አይጥልባትም። ዝናቡ ሲጀምር ሁለት ብርጭቆ የሚያህል ውሃ ታቁራለች። ያ ክብደት ጨርቁን ወደ ታች ይስበዋል፣ ቦታዋም ትሰፋለች። ስትሰፋ በአጠገቧ ያልፍ የነበረውን ውሃ ወደ ራሷ ትስባለች፤ እንደገና ትከብዳለች፣ እንደገና ትሰፋለች። በመጨረሻ ፊተኛው ጠርዝ ከጉድጓዷ ከፍ ብሎ ይቀራል፤ ወደ ውጭ መውረድ የነበረበት ውሃ ወደ ኋላ ተመልሶ እሷው ውስጥ ይገባል። ለዚህ ነው «ከሩብ ሰዓት በፊት እኮ ምንም አልነበረም» የሚባለው። እውነት ነው፣ አልነበረም። ቋጠሮው የሚያድገው እየፈጠነ ስለሆነ መጀመሪያው ላይ አይታይም።

እንግዲህ መከላከያው ሁለት ነው፤ ተዳፋትና ውጥረት። ከሁለቱ አንዱ ከጎደለ ሌላው ብቻውን አይችለውም።

ከተዳፋቱ ልጀምር። ከካራቫኑ ግድግዳ እየተዘረጋ የሚወጣውን፣ ሁለት እግር ያለውን ተጠቅላይ ሸራ አስቡ። ለዝናብ የሚሆን ተዳፋት ሲባል 14 ዲግሪ ገደማ ነው፤ በ1 ሜትር 25 ሴንቲ ዝቅ ማለት። ሸራው 2 ሜትር ተኩል የሚወጣ ከሆነ ፊቱ ከግድግዳው በኩል 60 ሴንቲ ያህል ዝቅ ይበል። ግድግዳው ላይ ያለው ጠርዝ 2 ሜትር ከ40 ላይ ቢሆን፣ ፊቱ 1 ሜትር ከ80 ይሆናል ማለት ነው። ረዥም ሰው ጎንበስ ብሎ ይገባል። ብዙዎች ተዳፋቱን የሚያሳንሱት እዚህ ላይ ነው፤ ሳይጎነበሱ መግባት ይፈልጋሉ። ለፀሐይ ከሆነ ይሁን። ዝናብ ካለ ግን ጎንበስ ማለት ይሻላል።

በዚያ ላይ አንደኛውን እግር ከሌላው 20 ወይም 30 ሴንቲ ዝቅ አድርጉት። ሁለቱ እግሮች እኩል ከሆኑ ውሃው በፊተኛው ጠርዝ በሙሉ ተበታትኖ ይወርዳል፤ መሃሉ ትንሽ ከረገበ ደግሞ እዚያው ይተኛል። አንዱ ማዕዘን ዝቅ ሲል ውሃው አንድ መውጫ ያገኛል። የትኛውን ማዕዘን እንደምትመርጡም አስቡበት። በሩ የሌለበትን፣ መሬቱ ከካራቫኑ እየራቀ የሚያዘቀዝቅበትን ምረጡ። በ10 ካሬ ሸራ ላይ የወረደ ዝናብ ሁሉ በአንድ ነጥብ ሲፈስ መሬቱን ይቦረቡራል፤ እግሩ ሥር ከሆነ ደግሞ እግሩ ይሰምጣል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ እግር በታች 20 በ20 ሴንቲ የሆነ ጠፍጣፋ ጣውላ ይቀመጥ።

ሸራው ከ3 ሜትር በላይ ርዝመት ካለው በመሃል የሚገባ ተጨማሪ የጣሪያ ዘንግ ያስፈልገዋል። ከግድግዳው ተነስቶ የሸራውን ፊተኛ ጠርዝ የያዘውን ቱቦ የሚገፋ፣ እየተጠመዘዘ የሚረዝም ዘንግ ነው። ሸራውን ሲወጥረው መሃሉ እንዳይረግብ ያደርገዋል። ገበያ ላይ እንደ ተጨማሪ ዕቃ ስለሚሸጥ ሰው እንደ ቅንጦት ያየዋል፤ እኔ ግን ለዝናብ ወቅት ከሚገዙት ዕቃዎች ሁሉ አስቀድመዋለሁ። እሱ ከሌለ ደግሞ ሰፋ ያለ ጠፍር በሸራው ላይ ከኋላ ወደ ፊት አሳልፋችሁ መሬት ላይ በካስማ ወጥሩት። ጠፍሩ ጨርቁን ጫን ሲለው ቀጭን ቦይ ይሠራል፣ ውሃውም በዚያ ይወርዳል። ጠፍሩ ፊተኛውን ጠርዝ የሚነካበት ቦታ ላይ ግን ለስላሳ ነገር ደርቡበት፤ አለዚያ ነፋስ ሲያወዛውዘው ጨርቁን ይፍቀዋል።

ውሃ ቋጥሮ ስታገኙትስ? በመጀመሪያ መጠቅለያውን አትንኩ። ውሃ የተሸከመ ሸራ ሲጠቀለል ክብደቱ በሙሉ ክንዶቹ መጋጠሚያና ማርሹ ላይ ያርፋል፤ ቱቦውም መሃል ላይ ይጎብጣል። የጎበጠ ቱቦ ከዚያ ወዲያ ጨርቁን ቀጥ አድርጎ አይጠቀልልም፣ ወደ አንድ ጎን እየሳበ ያጥፈዋል። ሁለተኛ፣ የቋጠሮውን መሃል በመጥረጊያ እንጨት ጫፍ አትውጉ። ያ ሁሉ ክብደት በአንድ ሳንቲም በምታህል ቦታ ላይ ያርፍና የጨርቁ ሽፋን ይሰነጠቃል። ሦስተኛ፣ ውሃው ላይ እያለ እግሩን ዝቅ ለማድረግ መቆለፊያውን አትፍቱ፤ ቱቦው እጅ ላይ ይወርዳል።

የሚደረገው እንዲህ ነው። የመጥረጊያውን ሰፊ ጎን በፎጣ ጠቅልሉት። በቋጠሮው ግድግዳ በኩል ባለው ዳር፣ ማለትም በላይኛው በኩል ቁሙ። ከዳሩ ጀምራችሁ ቀስ እያላችሁ ወደ ላይ ደግፉ፤ ውሃው በፊተኛው ጠርዝ በኩል መፍሰስ ሲጀምር ያዙትና ጠብቁ። ፊት ለፊት ማንም እንዳይቆም፣ በተለይ ልጆች። ውሃው ካለቀ በኋላ ነው እግሩ የሚስተካከለው።

አሁን ወደ አገጣጠሙ። ጠርዙ በካራቫኑ ግድግዳ ላይ በተገጠመው ቦይ፣ ማለትም በቀጭኑ ማንሸራተቻ ውስጥ በሚገባው፣ ግድግዳና በር ባለው ትልቁ ሸራ ላይ ሥራው የሚጀምረው ከሸራው አይደለም፣ ከካራቫኑ ነው። ጎማው ሥር ታኮ ይግባ፣ ውሃ ልክ አምጡና ካራቫኑ በርዝመቱም በወርዱም ቀጥ ይበል፣ ከዚያ የማዕዘን እግሮቹ ይውረዱ። ሸራውን ከተከላችሁ በኋላ ካራቫኑን 5 ሴንቲ ብታነሱት የጣሪያው ዘንጎች ሁሉ ልካቸው ይጠፋል፤ ውጥረቱ በአንድ በኩል ይላላል፣ በሌላ በኩል ስፌቱን ይጎትታል።

ልኩም ከዚሁ ጋር የሚሄድ ነው። ለትልቁ ሸራ የሚፈለገው ልክ ከመሬት ተነስቶ በፊተኛው ጎን ወደ ላይ፣ በቦዩ ዙሪያ አልፎ፣ በኋለኛው ጎን እስከ መሬት ያለው ርዝመት ነው። የማይለጠጥ ገመድ ቦዩን አስከትላችሁ ዘርጉ፣ ሁለቱም ጫፍ መሬት በሚነካበት ምልክት አድርጉ፣ ከዚያ ገመዱን መሬት ላይ አንጥፋችሁ በሜትር ለኩ። ለምሳሌ 960 ሴንቲ ከመጣ፣ ከ950 እስከ 975 የሚል ሸራ ይሆናችኋል። ሸራው ከሰፋ ሁለቱ ማዕዘኖች ላይ ትርፍ ጨርቅ ይታጠፋል፣ እጥፋቱም ውሃ ያቁራል። ከጠበበ ታችኛው ጠርዝ ከመሬት ይነሳል፣ ዚፖቹም ይጨናነቃሉ። በር ፊት ለፊት ብቻ የሚቆመው ትንሹ ሸራ ግን የሚለካው ቦዩ ከመሬት ባለው ከፍታ ነው፤ ብዙዎቹ ከ235 እስከ 250 ሴንቲ ለሆነ ከፍታ የተሠሩ ናቸው። ቦዩ ከዚያ ዝቅ ካለ ጣሪያው ተዳፋቱን ያጣል፣ የቀረውን ታውቁታላችሁ።

ሸራው ጠርዝ ላይ የተሰፋ የፕላስቲክ ገመድ አለ፤ ቦዩ ውስጥ የሚንሸራተተው እሱ ነው። ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 7 ሚሊሜትር ነው። ከቦዩ ከቀጠነ በነፋስ ተስፈንጥሮ ይወጣል፤ ከወፈረ ግማሽ መንገድ ላይ ይነክሳል። ልኩ ትክክል ሆኖ የሚነክስ ከሆነ ቦዩን መርምሩ። አሮጌ ማስቲሽ፣ አፈር፣ መግቢያው አፍ ላይ የቀረ የብረት ስለት፣ አንድ ቦታ ላይ ተመትቶ የጠበበ ከንፈር ሊሆን ይችላል። አፉን በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ሞርዱት፣ ውስጡን በጨርቅ ጥረጉት፣ ከዚያ ሻማ ቀቡት ወይም ደረቅ የሲሊኮን ስፕሬይ ንፉበት። ግሪስና ዘይት አይሁን፤ አቧራ ይሰበስባል፣ ጨርቁንም ያቆሽሻል። ስታስገቡ ሁለት ሰው ሁኑ። አንዱ አፉ ጋ ቆሞ ጨርቁን እያነሳ ያቀብላል፣ ሌላው በቦዩ ትይዩ፣ ቀጥ አድርጎ ይስባል። ወደ ታች የሚስብ ሰው ገመዱን በቦዩ ከንፈር ያስቆርጠዋል፤ ጠርዙ ጋ የተተለተለ ሸራ ስታዩ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ከዚያ የመሃሉ የጣሪያ ዘንግ ቀድሞ ይገባል፣ ጎንና ጎኖቹ ይከተላሉ። ካስማ ከመምታታችሁ በፊት ዚፖቹን ሁሉ ዝጉ። በሩ ክፍት ሆኖ ካስማ ከተመታ በኋላ ዚፑ አይደርስም፣ ሲጎትቱት ይፈነዳል። መጀመሪያ ማዕዘኖቹ፣ ከዚያ ሌሎቹ። ሁሉም ካለቀ በኋላ የጣሪያ ዘንጎቹን እንደገና ጥቂት አርዝሙ፤ ጨርቁ ቦታውን ከያዘ በኋላ ትንሽ ይላላልና። ዝናቡ ከጀመረ ግማሽ ሰዓት በኋላ ደግሞ ዞር ዞር ብላችሁ አውታሩን ንኩ። መሬቱ ሲርስ ካስማ ይላላል፣ አንዳንዱ አውታርም ርጥበት ሲነካው ይለጠጣል።

ሌላው ችግር በሸራውና በካራቫኑ መካከል የሚገባ ውሃ ነው። ቦዩ ውስጥ የገባው ገመድ ውሃ አይዘጋም፣ ጨርቁን ብቻ ነው የሚይዘው። ከካራቫኑ ጣሪያ የሚወርደው ውሃ በቀጥታ ቦዩ ላይ እንዳያርፍ ከላዩ አሸንዳ ያስፈልጋል። የባሰው ግን ቦዩን የያዙት ብሎኖች ናቸው። ሥራቸው ያለው ማስቲሽ ደርቆ ሲሰነጠቅ ውሃው በብሎኑ ቀዳዳ ወደ ግድግዳው እንጨት ይገባል፤ ከውስጥ ሲታይ ግድግዳው እስኪለሰልስ ድረስ ማንም አያውቅም። ይህን የማነሳው በጣም ስለሚያሳስበኝ ነው፤ ሸራ ይለወጣል፣ የበሰበሰ ግድግዳ ግን ካራቫኑን ይዞት ይሄዳል። መፍትሔው ከላይ መለቅለቅ አይደለም። ቦዩ ይነሳል፣ አሮጌው ማስቲሽ በሙሉ ይፋቃል፣ ቡቲል የሚባለው ተጣባቂ ማሸጊያ አዲስ ጥቅል ይነጠፍበታል፣ እያንዳንዱ ብሎንም ማስቲሽ ተቀብቶ ይመለሳል። ተራ ሲሊኮን አትጠቀሙ። አንዴ ከለቀቀ በኋላ በላዩ ላይ ምንም ነገር አይጣበቅም፣ ሌላ ሲሊኮን እንኳን።

ጣሪያው ውስጡ ላብ ካወጣ ወዲያው አፈሰሰ አትበሉ። እርጥብ ሣር፣ የሰው ትንፋሽ፣ የሚፈላ ድስት፣ ሁሉም እንፋሎታቸው ቀዝቃዛ ጨርቅ ላይ ጤዛ ይሆናል። ለመለየት ጠብታውን በፎጣ አድርቁትና ጠብቁ። ሰፋ ባለ ቦታ ላይ እኩል ከረጠበ ጤዛ ነው፤ የላይኛውን አየር ማስገቢያ ክፈቱ፣ መሬቱን በምንጣፍ ሸፍኑ። በአንድ ስፌት ላይ ተሰልፎ ከመጣ ግን ፍሳሽ ነው፤ ስፌቱ ሲደርቅ የስፌት ማሸጊያ ቅቡት።

ሲጠቀለል ደረቅ ይሁን። ግዴታ ሆኖ እርጥቡን ከጠቀለላችሁት፣ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ዘርግታችሁ አድርቁት፤ ከዚያ ካለፈ ሻጋታ ይጀምራል። ሻጋታው የሚበላው በአብዛኛው ጨርቁን ሳይሆን ላዩ ያለውን ቆሻሻ ነው፤ ስለዚህ አስቀድሞ በለብታ ውሃ፣ በመለስተኛ ሳሙናና በለስላሳ ብሩሽ ይታጠብ፣ በደንብም ይለቅለቅ። የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ውሃ የሚመልሰውን ቅባት ያነሳዋል። ቅባቱ መኖሩን ለማወቅ በንጹሕና በደረቅ ሸራ ላይ ትንሽ ውሃ ጣል አድርጉበት። ዶቃ ሠርቶ ከተንከባለለ ደህና ነው። ተዘርግቶ ጨርቁን ካጠቆረው ውሃ መከላከያ ስፕሬይ ይነፋበት፣ ይድረቅ፣ ከዚያ እንደገና ውሃ ጣል አድርጋችሁ እዩት።