ጀበናው ከድንኳኑ ገብቷል፤ ሠሪዋስ?

ጤና ይስጥልኝ፣ ውድ አድማጮቼ። ዛሬ ከጅማ ሆኜ የማወራችሁ በከተማችን ስለሚዘጋጁ የባህል በዓላት ነው፤ በተለይም «አብሮነትን ለማጠናከር» ተብለው ሲከበሩ፣ አብሮነቱ እስከ ማን ድረስ እንደሚዘልቅ ለብዙ ጊዜ ሲያሳስበኝ የቆየውን ላካፍላችሁ እወዳለሁ።

እንደሚታወቀው ኅዳር 29 የብሔር፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን ነው። ሕገ መንግሥቱ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀበት ዕለት ሲሆን፣ በዓሉ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ ይከበራል። ዋናው ዝግጅት በየተራ በተለያዩ ከተሞች ቢካሄድም፣ ወሩ ሲደርስ በየትምህርት ቤቱና በየዩኒቨርሲቲው ወጣቶች የየአካባቢያቸውን ልብስ ለብሰው ይሰባሰባሉ። እኔ በእነዚህ ዝግጅቶች ላይ ደስታዬን ደብቄ አላውቅም። የዳውሮ ወጣቶች ከሰው ቁመት የሚበልጠውን ድንካ የተባለ የትንፋሽ መሣሪያ በቡድን ሆነው ሲነፉ፣ አንዱ የተወውን ሌላው እየተቀበለ ዜማው ከነፊ ወደ ነፊ ሲሻገር፣ ከፊት የተቀመጡት ሕፃናት ጆሯቸውን በእጃቸው ይዘው እየሳቁ ይሰማሉ። እዚያው አጠገብ የኦሮሞ፣ የየም፣ የካፋና የጉራጌ ድንኳኖች ተደርድረው፣ ሰው ከአንዱ ቡና ጠጥቶ ከሌላው ቆጮ ሲቀምስ ማየት በእውነቱ ልብን ያሞቃል።

ይሁንና ጅማ የተለያየ ሕዝብ የሚሰበሰብባት ከተማ የሆነችው በፌስቲቫል አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ድረስ በነገሡት በጅማው ንጉሥ በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን፣ በዛሬዋ ጅማ ሥፍራ የነበረው የሂርማታ የሐሙስ ገበያ ከሩቅም ከቅርብም ነጋዴ የሚጎርፍበት ነበር፤ ቤተ መንግሥታቸው ባለበት በጂሬን አካባቢም፣ መንደራ በተባለው ሠፈር፣ ከሌላ አገር የመጡ ነጋዴዎች ቤት ሠርተው ይኖሩ ነበር። ይህን ታሪክ በኩራት እንናገረዋለን፤ መናገራችንም ተገቢ ነው። ነገር ግን በዚያ ዘመን ከቡናውና ከዝባዱ ጎን ሰውም ለባርነት ይሸጥ እንደነበር አብረን ልንናገር ይገባል፤ ይህም በአንድ ገበያ መገናኘትና እኩል ሰው ሆኖ መቆም የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን በግልጽ ያሳያል።

ወደ ድንኳኖቹ ልመልሳችሁ። በሁሉም ድንኳን ጀበና አለ፤ በአብዛኞቹም ገንቦ፣ ድስትና ምጣድ ለዕይታ ይቀርባሉ። እነዚህን ዕቃዎች የሚሠሩት እነማን እንደሆኑ የምዕራብና የደቡብ ምዕራብ አገራችንን ኑሮ የሚያውቅ ሰው አይጠፋውም። በየም፣ በካፋ፣ በዳውሮና በሌሎችም አካባቢዎች ሸክላ ሠሪዎችና ቆዳ ፋቂዎች ለዘመናት ከሌላው ሰው ጋር በአንድ ማዕድ እንዳይቀርቡ፣ እንዳይጋቡ፣ መኖሪያቸውም ከመንደሩ ዳር እንዲሆን ሲደረግ ኖሯል፤ በካፋ ቀድሞ በአደን ይታወቁ በነበሩት ማንጆዎች ላይ የደረሰው መገለልም ከዚህ የተለየ አይደለም። ልማዱ በሕግ ፊት ዋጋ የለውም፤ በሰው ልብ ውስጥ ግን ገና አልሞተም።

በአንድ የገበያ ቀን ጀበና የሚሸጡ አንዲት እናት ዘንድ ቆሜ ነበር። የመረጥሁትን ጀበና ተቀበሉኝና በጣታቸው መታ መታ አድርገው ድምፁን ካዳመጡ በኋላ፣ «ይህ ተሰንጥቋል» ብለው ሌላ ሰጡኝ፤ እኔ ግን ስንጥቁን አላየሁትም ነበር። ጭቃውን ቆፍረው ተሸክመው ማምጣታቸውን፣ ወቅጠውና ነፍተው ማቡካታቸውን፣ በእጃቸው ከቀረጹት በኋላ በጥላ አድርቀው መተኮሳቸውን፣ በክረምት ደግሞ እርጥበቱ ሥራቸውን እንደሚያበላሽባቸው አጫወቱኝ። ለበዓል ድንኳን ጀበና የሚገዟቸው ሰዎች እንዳሉም ነገሩኝ፤ እርሳቸውን ወደ በዓሉ የጠራቸው ግን እስካሁን የለም።

ለእኔ ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው። በዓላቱን በቅን ልብ የሚያዘጋጁትን አልነቅፍም፤ ሥራው ከባድ እንደሆነ፣ በጀቱም ጠባብ እንደሆነ እረዳለሁ። ግን አንድ ብሔረሰብ በአንድ ድንኳን ሲወከል፣ በዚያ ብሔረሰብ ውስጥ ማን ማንን እንደሚያገልል ከመጋረጃው ጀርባ ይቀራል። ጭፈራው በብሔረሰቦች መካከል ያለውን ርቀት ሊያጠብብ ይችላል፤ በአንድ ብሔረሰብ ውስጥ በወንድማማቾች መካከል ያለውን ርቀት ግን አይነካውም። መስማት ለተሳናቸው አስተርጓሚ አለመኖሩና መድረኩ በዊልቸር ለሚንቀሳቀስ ሰው መወጣጫ የሌለው መሆኑም ከዚሁ ጋር የሚታይ ነው።

ስለዚህ የሚቀጥለውን በዓል ለምታስተባብሩ ወንድሞቼና እህቶቼ የማቀርበው ጥያቄ ቀላል ነው። ከድንኳኖቹ አንዱ የሸክላ ሠሪዎቹ ይሁን፤ ቦታውም ከዳር ሳይሆን ከመሃል ይሰጣቸው፤ ዕቃቸውን ራሳቸው ባወጡት ዋጋ ይሽጡ፤ ምሳም ሲቀርብ ከአገር ሽማግሌዎቹና ከእንግዶቹ ጋር በአንድ ማዕድ ይቀመጡ። ይህን ለማድረግ ተጨማሪ በጀት አያስፈልግም። የጥሪ ደብዳቤውን ከመበተናችሁ በፊት በሐሙስ ገበያ በሸክላ ተራ በኩል እለፉ፤ እነዚያ እናት ማንን መጥራት እንዳለባችሁ አንድ በአንድ ይነግሯችኋል።